የከተማ ዳርና የትርዒት ጥበብ፤ ከመሐል ሜዳ እስከ አዲስ አበባ ዳርቻ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው፥ ሞላሌን አልፎ የመንዝ ጌራ ምድር ዋና ከተማ ከሆነችው ከመሐል ሜዳ ይደርሳል። ከተማዪቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ባለ ደጋ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፥ ዙሪያዋ ገብስ የሚዘራበትና በግ የሚረባበት ብርዳም አገር ነው። ስሟ የሜዳው መካከል ማለት ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ግን መሐል ሜዳ ሩቅ ዳር ናት፤ ለመሐል ሜዳ ሰው ደግሞ ከከተማዪቱ ጫፍ ያለው ሰፈር ዳር ነው። እንግዲህ መካከልና ዳር በእርምጃ ብቻ የሚለኩ ነገሮች አይደሉም። ማን ወደ ማን ይሄዳል፥ በምንስ ክብር ይሄዳል የሚለው ነገር ይወስናቸዋል።

በአሁኑ ዘመን በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ጥበበኞችና የከተማ ፕላን ዐዋቂዎች፥ የተረሱትን የከተማ ዳርቻዎች በጭፈራ፥ በትያትር፥ በሥዕልና በእግር ጕዞ ትርዒት አማካይነት እንደ አዲስ ለማየትና ለማሳየት ይጥራሉ። ነዋሪው ስለ ገዛ ሰፈሩ ያለውን አሳብ ለመጠይቅ መልስ በመስጠት ብቻ ሳይወሰን፥ በአካሉ እንቅስቃሴና በእጁ ሥራ ጭምር እንዲገልጸው ያደርጋሉ። አሠራሩ ለአገራችን አዲስ ይመስላል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ግን፥ ደገኛው ሕዝብ የከተማውን ዳር በየዓመቱ መካከል የሚያደርግበት የቆየ ልማድ አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ በምን በምን እንደሚጸና መመርመርና፥ በዘመናችን በዚሁ መንገድ የሠሩትን ጥበበኞች በዚያው ሚዛን መመዘን ነው። ነገሩ የጥበበኞች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከተማ ሲሰፋ አስቀድሞ የሚበላው ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ሜዳ ነውና፥ ሜዳው ከጠፋ በኋላ ልማዱን በመጽሐፍ ብቻ ማግኘት ይሆናል።

ሀ. ዳር እንዴት ይፈጠራል

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ መጀመሪያ የተዘረጋችው በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ሰፈሮች ነው። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሰው ካረፈበት ቦታ የመጣ ነው። ከተማዪቱ እያደገች በሄደች ጊዜ ግን ሌላ ዓይነት ሰፈር ተፈጠረ፤ ይኸውም ከተማው ሊያየው ያልወደደው ነገር የሚገፋበት ዳር ነው።

ለዚህ ግልጹ ምሳሌ በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው የዘነበ ወርቅ አካባቢ ነው። በ1920ዎቹ ዓ.ም. በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ከከተማው ውጭ በዚያ ተሠራ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛ የሆነው አለርት በዚያው ሥፍራ ተቋቋመ። ለመታከም ከየአገሩ የመጡ ብዙ ሰዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስን ስለ ፈሩ በዙሪያው ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ቆሻሻ የሚደፋበት ሥፍራም ከዚያው አጠገብ ሆነ፤ ሕዝቡም «ቆሼ» አለው። ስለዚህ ከተማው የሸሸው ሰውና የጣለው ጥራጊ ጎረቤታሞች ሆኑ። ከተማው እየሰፋ ሄዶ ያን ዳር ከብቦ ካለፈው በኋላም ቦታው በሰው አሳብ ውስጥ ዳር እንደ ሆነ ቀረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ በወደቀ ጊዜ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አለመታየት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምሳሌ በሰሜን በኩል በእንጦጦ ግርጌ ያለው ቀጨኔ ነው። በዚህ ሰፈር ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፤ ከወንዶቹ ብዙዎቹ ሸማኔዎች ናቸው። እንደ ነዋሪዎቹ ትውፊት፥ አባቶቻቸው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለእጅ ሥራቸው ተፈልገው ከሰሜን ሸዋ፥ ከመንዝም ጭምር፥ ወደ አዲሲቱ ከተማ መጡ። የመንዝን ባና የሚሠራውን ሸማኔ፥ ማረሻውን የሚቀጠቅጠውን ብረት ሠሪ፥ ምጣዱንና ጀበናውን የምታበጀውን ሸክላ ሠሪ ሕዝቡ ሥራቸውን እየፈለገ «ጠይብ»፥ «ቡዳ» እያለ ያርቃቸው እንደ ነበር የታወቀ ነው። ይህ ርቀት ከመንዝ ተነሥቶ አብሯቸው ወደ አዲስ አበባ መጣ። ስለዚህ ቀጨኔን ዳር ያደረገው የቦታው አቀማመጥ ብቻ ሳይሆን የሰዎቹ ሙያ የተመደበበት ማዕረግ ነው። የከተማው ቡና በየማለዳው የሚፈላው ግን በነዚሁ ሴቶች እጅ በተበጀ ጀበና ነው።

ከዚህ አንድ ትምህርት ይገኛል። ወደ ዳር የሚሄድ ጥበበኛ ብዙ ጊዜ ጥበብ ወደሌለበት ምድረ በዳ ጥበብን ይዞ የሚሄድ ይመስለዋል። በቀጨኔ ግን ጥበቡ አስቀድሞ በዚያ አለ፤ የጐደለው ጥበብ ተብሎ መጠራቱ ነው።

በዚህ ረገድ የላሊበሎች ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። ላሊበሎች ገና ጎህ ሳይቀድ ወደ ከተማ ገብተው፥ በየደጁ ቆመው በዜማ የሚለምኑና የሚመርቁ ሰዎች ናቸው። ከመዝፈናቸው በፊት የቤቱን ባለቤት ስምና ግብር ከጎረቤት ጠይቀው ይረዳሉ፤ ከዚያም በስሙ እየጠሩ ያመሰግኑታል፤ ምጽዋት ሲቀበሉ ይመርቃሉ። ዜማውን ቢተዉ የሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው እንደሚያምኑ ይነገራል። የዜማ ሊቅ የሆኑት ኬይ ካውፍማን ሸለመይ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለነዚህ ሰዎች ጥናት አሳትመዋል። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው፥ ከዳር የመጣው ዘፋኝ የከተማውን ቤቶች አንድ በአንድ በስም የሚያውቅ መሆኑ ነው። ከተማው ግን የዘፋኙን ስም አይጠይቅም። ትርዒት ብቻውን ዳሩን እንደማይለውጥ ከዚህ እንረዳለን፤ ዘፈኑ አልፎ ይሄዳል፥ ዘፋኙም ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ዳሩ ይመለሳል።

ለ. መካከሉ ወደ ዳር ሲወርድ

አሁን ደግሞ ትርዒት ዳርን በእውነት ወደሚለውጥበት ልማድ እንሸጋገር። በደጋው አገር ቤተ ክርስቲያን በአብዛኛው በጉብታ ላይ ይሠራል፤ ጥምቀተ ባሕሩ ግን ወንዝ ወይም ምንጭ ካለበት ዝቅተኛ ሜዳ ላይ፥ ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ይገኛል። ጥር 10 ቀን በከተራ ዕለት ታቦታቱ ከየመንበራቸው ተነሥተው ወደዚያ ይወርዳሉ። በሜዳው ላይ ድንኳን ይተከላል፤ ካህናቱ ማሕሌት ቆመው ያድራሉ፤ ሌሊቱን ቅዳሴ ይቀደሳል። በማግስቱ ጥር 11 ቀን ውሃው ተባርኮ ለሕዝቡ ይረጫል፤ ታቦታቱም በዝማሬና በእልልታ ወደየደብራቸው ይመለሳሉ። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለሰው ጥር 12 ቀን፥ በቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። በጎንደርም የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የሚገኘው ከነገሥታቱ ቅጥር ውጭ በቀሐ ወንዝ በኩል ነው። በአዲስ አበባም ጃን ሜዳ በከተማዪቱ ምሥረታ ዘመን ዳር የነበረ ሰፊ ሜዳ ነው።

የዚህ ሥርዓት ሃይማኖታዊ ትርጓሜ ከዮርዳኖስ የመጣ ስለ ሆነ ለሊቃውንቱ እንተወዋለን። በከተማ አሠራር በኩል ግን ሦስት ነገሮች ይታያሉ።

አንደኛው፥ በዓመቱ ውስጥ በሌላው ቀን ሁሉ የዳሩ ሰው ለገበያ፥ ለዳኝነት፥ ለጸሎት ወደ መካከል ይወጣል። በከተራ ግን መካከሉ ራሱ ተነሥቶ ወደ ዳር ይሄዳል። ሹሙና ባለጸጋው ታቦቱን ተከትለው በእግራቸው ይወርዳሉ፤ በሌላው ቀን ረግረግና የከብት መዋያ የነበረው ቦታ በዚያች ሌሊት መቅደስ ይሆናል። ከዚያ አጠገብ የሚኖረው ሰው በዚያች ሌሊት እንግዳ ተቀባይ ነው።

ሁለተኛው፥ መንገዱ ነው። ታቦቱ በየሰፈሩ ስለሚያልፍ እያንዳንዱ ሰፈር የደጁን መንገድ ይጠርጋል፤ ቄጤማ ይጎዘጉዛል። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች የየሰፈሩ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው መንገዱን ያጥባሉ፤ የመንገዱን ጠርዝ ቀለም ይቀባሉ፤ ምንጣፍ ከታቦቱ ፊት እያነጠፉ፥ ከኋላ እየጠቀለሉ ወደ ፊት ይሮጣሉ። ሥራ ፈት እየተባለ የሚነቀፈው ወጣት ለሁለት ቀን የከተማው ሥርዓት አስከባሪ ይሆናል። የከተማ ፕላን ዐዋቂዎች «ነዋሪውን ማሳተፍ» የሚሉት ነገር እዚህ ያለ ስብሰባና ያለ አበል ይፈጸማል።

ሦስተኛው፥ ተመልካችና ተጫዋች አለመለየታቸው ነው። ካህኑ ያሸበሽባል፤ ጎረምሳው ይጨፍራል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ልጆቹ ይከተላሉ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት እንደሚያስረዳው፥ ለማየት የመጣ ሁሉ ለመታየትም የመጣ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የመስቀልን በዓል በ2006 ዓ.ም.፥ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ጽፏል። ሆኖም የማይዳሰሰው ቅርስ የሚዳሰስ መሬት እንደሚያስፈልገው መዘንጋት የለበትም።

ከጥምቀት ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የሚውለው የገና ጨዋታም በዚሁ ዓይነት ሜዳ የሚደረግ ነው። ሁለት ወገን ተከፍሎ እሩሩን በገና ዱላ እየመታ ሲጋፋ፥ የወትሮው የማዕረግ አጥር ለጊዜው ይነሣል፤ ለዚህም ነው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው። እንዲህ ያለው ነጻነት በቤተ መንግሥት ደጅ ወይም በፍርድ አደባባይ የሚሞከር አልነበረም። ከከተማው ወጣ ያለው ሜዳ ሕግ የላላበት ሥፍራ ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ ስለ ራሱ ሥርዓት የሚያስብበትም ሥፍራ ሆኖ ነበር።

ሐ. ሜዳውን ማን ይጠብቀዋል

ትርዒቱ በየዓመቱ ሊመለስ የሚችለው ሜዳው ሜዳ ሆኖ ሲቆይ ብቻ ነው። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ የሚሠራበት መሬት ለቀረው ጊዜ ባዶ መስሎ ስለሚታይ፥ የብዙ ሰው ዓይን ያርፍበታል። ታዲያ ባዶ የሚመስለውን መሬት ለጋራ ጥቅም የማቆየት ጥበብ ከየት ይገኛል?

ለዚህ መንዝ ራሱ መልስ አለው። ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጓሣ ምድር ይገኛል። ይህ ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ የቆየ ነው። ባለመብቶቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ነበሩ። ለመጠበቅ የተመረጠው አለቃ ከሽማግሌዎቹ ጋር መክሮ ምድሩን ለጥቂት ዓመታት፥ ብዙ ጊዜም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፥ ይዘጋዋል። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለልዩ ልዩ አገልግሎት የሚሆነው የጓሣ ሣር ይታጨዳል፤ ከብትም ይሰማራል። በተዘጋበት ወራት የሚገባውን ሰው የየአጥቢያው ጠባቂዎች ይዘው ያስቀጡ ነበር። የገጠርን መሬት የመንግሥት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከወጣ በኋላ ግን ሥርዓቱ የቆመበት የርስት መሠረት ፈረሰ። ሆኖም ሕዝቡ ነገሩን ጨርሶ አልተወውም። በቀበሌዎች የተወከለ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን በአዲስ መልክ ቀጠለ፤ ዛሬ ሥፍራው የጓሣ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ይታወቃል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም ይኖሩበታል።

ጓሣ የትርዒት ሜዳ አይደለም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን አንድ መሠረታዊ ነገር ስለሚያስተምር ነው። ባዶ የሚመስል ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቆይ የቻለው፥ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን በሕዝብ ፊት የሚነገር፥ ባለድርሻውም በስም የታወቀ ስለ ነበረ ነው። የጥምቀተ ባሕሩ ሜዳም በዚሁ መንገድ ይኖራል፤ ከተራ ማለት የሜዳው የመክፈቻ ቀን ነው። ስለዚህ ዳርን በክብር የሚያቆዩ ነገሮች ሦስት ናቸው ልንል እንችላለን፤ የተጠበቀ መሬት፥ የታወቀ የመመለሻ ቀን፥ ለዳሩ ነዋሪ የተመደበ ድርሻ። ከእንግዲህ አዲሶቹን ሥራዎች በነዚህ እንመዝናለን።

መ. በዘመናችን የተሠሩ ሥራዎች

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር። መድረክ አይተው የማያውቁ ሰፈሮች በዚያ ጊዜ ዘፈን፥ ጭፈራና ድራማ አገኙ፤ ኋላ ስመ ጥር የሆኑ ብዙ ከያንያንም ከዚያ ወጡ። ነገር ግን የሚነገረው ቃል ከላይ የወረደ ነበር። ነዋሪው መድረክ አገኘ እንጂ የራሱን ጉዳይ የሚናገርበት ድርሻ አልተሰጠውም። ከሦስቱ አንዱ ስለ ጐደለ፥ መንግሥቱ ሲለወጥ የቡድኖቹም ነገር አብሮ አበቃ።

እ.ኤ.አ. በ1996 በአዲስ አበባ ከመቶ የሚበልጡ የጎዳና ልጆች በእንግሊዛዊው የውዝዋዜ ጥበብ ሰው በሮይስተን ማልዱም መሪነት የካርል ኦርፍን «ካርሚና ቡራና» በጭፈራ አሳዩ። ከነርሱ መካከል 18 ያህሉ ተመርጠው አምስት ዓመት የፈጀ ትምህርት ተሰጣቸው፤ «አዱኛ» የተባለው የማኅበረሰብ የዳንስ ቡድንም በዚህ ተመሠረተ። ከተማሪዎቹ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ለዓለም አቀፍ የጥበብ ትምህርት ተመርጦ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር ለመሥራት በቃ። ኋላም ከባልደረባው ከአዲሱ ደምሴ ጋር «ዴስቲኖ» የተባለውን የዳንስ ቡድን መሠረተ። ማንም የማያየው ልጅ ሰው ሁሉ የሚያየው ባለሙያ ሆነ። ከሚዛናችን አንጻር ግን ይህ ሰውን የሚያነሣ ሥራ ነው፤ ቦታን በራሱ አያነሣም። ዳሩ ባለሙያ ልጁን ለመድረክ ይሰጣል፤ መድረኩ ግን ወደ ዳሩ የሚመለስበት ቀን አልተቈረጠም።

በሰሜን ሸዋ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየው የደብረ ብርሃን ሰርከስ አለ። ይህ ቡድን የከተማውን ልጆች፥ አካል ጉዳተኞችና መስማት የተሳናቸውንም ጨምሮ፥ የአክሮባት ጥበብ የሚያስተምር ነው። ሰርከስ ከቲያትር ቤት ይልቅ ለሜዳ የሚመች ጥበብ ስለ ሆነ፥ ቃል የማያስፈልገውም ስለ ሆነ፥ በገበያ ዳርና በትምህርት ቤት ሜዳ ሳይቸገር ይታያል። በቤት ውስጥ ተሰውሮ ይኖር የነበረ አካል ጉዳተኛ ልጅ በሕዝብ ፊት በሰው ትከሻ ላይ ሲቆም፥ ተመልካቹ ስለ ልጁ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰፈሩም የነበረውን አስተያየት እንዲመረምር ይገደዳል። የመንዝ ከተሞች ሩቅ ሳይሄዱ ሊማሩበት የሚችሉት ሥራ ይህ ነው።

የዞማ ቤተ መዘክር ነገር ከነዚህ ልዩ ነው። የኪነ ጥበብ ባለሙያዋ ወይዘሮ መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በ2011 ዓ.ም. በመካኒሳ የከፈቱት ይህ ሥፍራ፥ ቀድሞ በቆሻሻ የተበከለ የወንዝ ዳር መሬት ነበር። ባለሙያዎቹ መሬቱን አጽድተው በጭቃ፥ በጭድ፥ በድንጋይና በእንጨት ቤቶች ሠሩ፤ አትክልት ተከሉ፤ የልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጭቃውን በጭድ አቡክቶ፥ አብላልቶ የመለሰን ጥበብ ከገጠር ባለሙያዎች የተወሰደ ሲሆን፥ በግድግዳዎቹ ላይ የተቀረጸው ጌጥ የሠዓሊው ነው። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተገኘውን የአሮጌ ኮምፒዩተር ሽቦና ሰሌዳ እየሰፋና እየጠለፈ በዓለም የታወቀ ሥራ የሠራ ሰው ነው። በሁለቱም ሥራዎቹ መነሻው አንድ ነው፤ ከተማው የጣለውን ነገር በትዕግሥት እጅ መንካት ነው። በጭቃ ቤት መኖር የድህነት ምልክት ተደርጎ በሚቈጠርበት ከተማ፥ ሰው ሊያየው ከሩቅ የሚመጣ የጭቃ ቤት መሥራት ታላቅ ክርክር ነው። በሚዛናችን ሲታይ ዞማ የተጠበቀ መሬት አለው፤ ለሕዝብም ክፍት ነው፤ ለባለእጆችም ድርሻ ሰጥቷል።

ሠ. ከጎረቤት አገር የተገኘ ማስጠንቀቂያ

ነዋሪው ትርዒቱን ሙሉ በሙሉ የራሱ ባደረገው ጊዜ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ኬንያን መመልከት ይጠቅማል። በሊሙሩ ከተማ አጠገብ ያለው የካሚሪዙ መንደር በቅኝ ግዛት ዘመን፥ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ.፥ ገበሬዎች በግድ ተሰብስበው የሰፈሩበት ነበር። የመንደሩ ገበሬዎችና ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1977 በገዛ ጉልበታቸው ጣራ የሌለው ትያትር ቤት ሠሩ። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በኪኩዩ ቋንቋ ያዘጋጁትን ድራማ ነዋሪዎቹ ራሳቸው እያረሙ፥ ስለ ደመወዛቸውና ስለ ተወሰደባቸው መሬት የሚያውቁትን እየጨመሩ ተጫወቱት። ትርዒቱ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ከታየ በኋላ በኅዳር ወር ተከለከለ፤ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በዚያው ዓመት መጨረሻ ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ1982 ትያትር ቤቱ በፖሊስ ፈረሰ።

ካሚሪዙ ሦስቱንም ነገሮች ለማሟላት ተቃርቦ ነበር። መሬት ነበረው፤ መሰብሰቢያ ቀን ነበረው፤ ነዋሪው ባለድርሻ ብቻ ሳይሆን ባለቤት ነበር። የጐደለው መሬቱን የሚጠብቅለት ሕግ ነው። ዳርን በትርዒት መለወጥ ከሥልጣን ጋር የማይነካካ የውበት ሥራ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል። ዳሩ መናገር ሲጀምር የሚናገረው ስለ መሬት ነው።

ረ. ስለ ሜዳው የቀረበ አሳብ

በኛም አገር ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ በፒያሳ አካባቢ የነበረው የአትክልት ተራ ገበያ መጨናነቅን ለመቀነስ ሲባል ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ሰፊው ሜዳ በጥቂት ወራት ውስጥ በጭቃና በበሰበሰ አትክልት ተሸፈነ። የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ግን ምእመናንና ቤተ ክርስቲያን ሜዳው እንዲለቀቅ አጥብቀው ጠየቁ፤ ገበያውም ለ2013 ዓ.ም. በዓል ሳይደርስ ወደ ሌላ ሥፍራ እንዲሄድ ተደረገ፤ ሜዳውም ጸድቶ ታቦታቱን ተቀበለ። ሜዳውን ያዳነው የታወቀው ቀን ነው። ጥር 10 የማይቀር ቀጠሮ ባይሆን ኖሮ፥ ጊዜያዊው ገበያ ዘላቂ ይሆን ነበር ብሎ መገመት ስሕተት አይሆንም።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ጥያቄውን ገለበጠው። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ነዋሪዎች ተነሥተው በከተማው ዳርቻ ወዳሉ አዳዲስ መኖሪያዎች ሄዱ። በካዛንቺስ ከነበሩት የአዝማሪ ቤቶች አንዱ የነበረውና በተወዛዋዡ መላኩ በላይ መሪነት የባህል ማእከል የሆነው ፈንድቃም የቀድሞ ቤቱን አጣ። ስለዚህ አሁን በአዲስ አበባ ዳር የሚኖረው ሰው ከገጠር የመጣ ብቻ አይደለም፤ ከከተማው እምብርት የመጣም አለበት። ዕድሩን፥ የደመራውን ቦታ፥ የታቦቱን መንገድ ትቶ የሄደው ይህ ሰው በአዲሱ ሰፈር መንገድና መብራት ቢያገኝም፥ ታቦት የሚወርድበት ወይም ደመራ የሚተከልበት ሜዳ ካልተተወለት ሰፈሩ መኝታ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ፍሬ ነገሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ለከተማ ሹማምንትና ለፕላን ዐዋቂዎች ነው። እንደ መሐል ሜዳ ያሉ ከተሞች ገና የሚሰፉ ስለ ሆኑ የአዲስ አበባን ስሕተት ሳይደግሙ ለመቅደም ጊዜ አላቸው። ጥምቀተ ባሕሩ፥ የገናው ሜዳ፥ የደመራው አደባባይና ታቦቱ የሚያልፍበት መንገድ የመሬት ድልድል ከመደረጉ አስቀድሞ በፕላኑ ላይ መመልከት አለባቸው። «ክፍት ቦታ» ተብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ክፍት የሆነ ነገር የሚሞላ ይመስላልና፥ ሥራውና ባለድርሻው በስም መጻፍ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ለጥናት ሰዎች ነው። ትርዒት ራሱ የጥናት መሣሪያ ሊሆን ይችላል። አንድ ተማሪ በከተራ ዕለት ከታቦቱ ጋር እየተጓዘ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢመዘግብ፥ በወረቀት መጠይቅ የማይገኝ የከተማ ካርታ ያገኛል። ታቦቱ በየት በየት ይቆማል፥ ለምንስ በዚያ ይቆማል? የትኛው ሰፈር መንገዱን ይጠርጋል፥ የትኛውስ ሳይጠረግ ይታለፋል? ከየትኛው ቀበሌ የመጣ ሰው በየትኛው የሜዳው ወገን ይቀመጣል? ሸክላ ሠሪዎቹና ሸማኔዎቹ ከሌላው ጋር ተቀላቅለው ይቆማሉ ወይስ ተለይተው? ሜዳው ከአሥር ዓመት በፊት እስከ የት ይደርስ ነበር፥ አሁንስ የማን አጥር ገብቶበታል? እነዚህን በየዓመቱ እያነጻጸሩ መያዝ የሚበዛ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በዓሉ ስለሚመለስ ጥናቱም ይመለሳል።

ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ መንዝን ለሊቃውንት ዓለም ካስተዋወቁ ወዲህ፥ ስለ መንዝ ርስትና ስለ ሕዝቡ ጠባይ ብዙ ተጽፏል። ስለ መንዝ ከተሞችና ስለ ዳራቸው የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ ከመንዝ ወደ ቀጨኔ ሲሄዱ የተከተላቸውን ርቀት ያወቅነው ዘግይተን ነው። መሐል ሜዳ ስትሰፋ በዳሯ ማን እንደሚሰፍርና፥ ታቦቱ በደጁ ያልፍ እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ገና አልዘገየንም፤ የሚመጣው ከተራ ጥር 10 ቀን ነው።